ሁለት ትእዛዝ በአንድ ደረጃ ላይ፦ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ታላቅ እህታችን፣ ከባቡር ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሠፈር ተወለዱ። እናታችን «ይቺ ልጅ ሆዴ ውስጥም ቁጭ ብላ አታውቅም» ይሉ ነበር። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ ከዩኒቨርሲቲ በሕግ በማዕረግ ተመርቀው፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ዳኛ ሆኑ። በዚያው ዓመት ከጂኦግራፊ አስተማሪው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ኑሯቸውን የቀየረው ነገር የደረሰው ዐርባን እንዳለፉ ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ጡረተኛ አናጢ ከባለቤታቸው ጋር አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ይኖሩ ነበር። እትዬ በሕሙማን መብት ሕግ መሠረት፣ ሐኪም ሳይፈቅድ ሰውየው ከቤታቸው እንዳይነሱ አዘዙ። በዚያው ሳምንት ሌላ ችሎት፣ ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ነዋሪው ሁሉ በአስቸኳይ እንዲወጣ በሕንፃ ሕጉ ወሰነ። የፖሊስ አዛዡ ሁለቱንም ትእዛዝ ይዞ የሕንፃው ደረጃ ላይ እንደቆመ ለእትዬ ደወለ፤ «ክብርት ዳኛ፣ የትኛውን ልፈጽም? አንዱን ስፈጽም ሌላውን መጣሴ ነው።»

እትዬ ካባቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገሰገሱ። የሌላውን ችሎት ዳኛም አስጠሩ።

«የእኔ ውሳኔ ትክክል ነው» አሉ ዳኛው ገና ከመድረሳቸው።

«የእኔም ትክክል ነው። ጉዱ እሱ አይደል!» አሉ እትዬ።

የአናጢው ባለቤት ከላይ ሆነው «እናንተ እስክትስማሙ ግድግዳው ይጠብቀናል?» ብለው ጮሁ። ሁለቱ ዳኞች ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ትእዛዝ ጻፉ፤ ሐኪም ይምጣ፣ በሽተኛው በአምቡላንስ ሆስፒታል ይግቡ፣ ሕንፃውም ባዶ ይሁን። ሰውየው በሰላም ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ተደረመሰ።

ሁለት ችሎቶች አብረው እንዲያዝዙ የሚፈቅድ ሕግ ስላልነበረ ግን ሁለቱም ተግሣጽ ደረሳቸው። እትዬ «ሕጉ ያለው ይኸው ነው» ብለው ተቀበሉት፤ እንቅልፍ ግን አጡ። ዳኝነቱን ለቀው የሕግ አውጪው ምክር ቤት የሕግ ረቂቅ ክፍል ገቡ። ትእዛዞች ሲጋጩ ችሎቶቹ በጋራ እንዲቀመጡ የሚል አንቀጽ አረቀቁ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። አንድ የምክር ቤት አባል «ዛሬ ችሎቶችን ካገጣጠምን ነገ ሥልጣኑን ሁሉ አንድ እጅ ላይ እናገኘዋለን» አሏቸው። እትዬ ሥጋቱን አልናቁትም፤ አንቀጹ አንድ ሰው ሁለቱንም ትእዛዝ ማክበር ሲያቅተው ብቻ እንዲሠራ አጠበቡት።

በእነዚያ ዓመታት ቆመው ይበሉ ነበር። የሴት ልጃቸው ምርቃት ላይም ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የደረሱት፤ ልጃቸው ለረጅም ጊዜ ተቀየመቻቸው። ባለቤታቸው «እኛ ቤት ሁለት ሕግ አለ፤ ሲጋጩ የሷው ይጸናል» እያሉ ያስቁን ነበር። አንቀጹ በጠባብ ድምፅ ሲጸድቅ እኛ እልል አልን፤ እሳቸው ግን «የውርሱና የግብሩ ሕግ ግጭትስ?» አሉ።

በስልሳ ስምንት ዓመታቸው የጉበት ሕመም ጣላቸው። በመጨረሻው ሰሞን ልጃቸው አልጋቸው አጠገብ ሆና አዲሱን የውኃ ሕግ ረቂቅ ስታነብላቸው አስቆሟት፤ «ይሄ ከጤናው ሕግ ጋር ይጣላል። ንገሪያቸው እንጂ ልጄ!» ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም ተለዩ። ልጃቸው ትናንት ምክር ቤቱ ሄዳ ለአርቃቂዎቹ ነግራቸዋለች።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸውና እኛ ወንድምና እህቶቻቸው አለን። ዕረፍት አልወድ ላለች ነፍሳቸው ፈጣሪ የምትወደውን ዕረፍት ይስጥልን፤ እኛንም ያጽናን።