ደብሬን ያሳሰረው የሳህን ማጠቢያ

ማክሰኞ

ደብሬን ወሰዷት። የሳህን ማጠቢያ ማሽን ተበላሸ ብለው ሰው አሰሩ።

ትናንት ጧት እንደ ወትሮዋ በገበሬ ማሠልጠኛችን እንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ያደረውን ሳህን ማሽኑ ውስጥ ደርድራ አስነሳችው። ማሽኑ ውሃውን ሞላ፣ አጉረመረመ፣ ግን ውሃውን መልሶ አላወጣም። በበሩ ሥር እየፈሰሰ ወለሉን አጥለቀለቀው። ከዚያ ፊውዙ ተቃጠለና የማሠልጠኛው ግማሽ ግቢ መብራት አጣ። ወንጀሏ ይኼው ነው።

ዛሬ የማሠልጠኛው ኃላፊ ጓድ መኮንን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ "ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" አለ። ማሽኑ እዚህ ይሠሩ የነበሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት ትተውት የሄዱት ነው። አሁን በእሱ አፍ "የሰፊው ሕዝብ ንብረት" ሆኗል። ደብሬ "ጌታዬ፣ እኔ እኮ ቁልፉን ብቻ ነው የተጫንኩት" ብላ ስትጀምር "ጌታዬ የሚባል ቀርቷል" ብሎ አቋረጣት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይዘዋት ሄዱ። ሽርጧን እንኳ እስክታወልቅ አልጠበቋትም።

ተነስቼ "የምታጠባ ሴት ናት፣ ልጇ ገና ጨቅላ ናት" አልኩ።

"ጓድ ጥሩወርቅ፣ ስሜታዊ አትሁኚ" አለኝ።

የሰፊው ሕዝብ ንብረት። ደብሬስ ከሰፊው ሕዝብ አይደለችም?

ረቡዕ

ጧት ደብሬ ቤት ሄድኩ። እናቷ እማማ ውዴ ሕፃኗን ሥርጉትን አዝለው በር ላይ ቆመው ነበር። ሥርጉት ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ድምጿ ሰልሏል። የላም ወተት በውሃ አቅጥነው በማንኪያ ቢሰጧት ትተፋዋለች። "የእናቷን ሽታ ነው የምትፈልገው" አሉኝ።

ሕፃኗን ተቀብዬ በቀጥታ ደብሬ ወደታሰረችበት ቀበሌ። በር ላይ ያለው ጎረምሳ ጠመንጃውን አግድም ይዞ "ሕፃን ማስገባት አልተፈቀደም" አለ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ታጥባትና ትመለስ አልኩት። አልተፈቀደም። አንተን ማን አጠባህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ካሰረኝ ማን ይከራከርላታል።

ሊቀመንበሩን አቶ ዘውዱን አገኘኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። "እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ ጓድ መኮንን ሆን ብላ ነው የሰበረችው ብለው ጽፈዋል። ሆን ብላ አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለሽ አምጪ" አሉኝ።

አመጣለሁ። እኔ ለገበሬ ሚስቶች የቤት አያያዝ የማስተምር ሰው ነኝ። ማሽኑንም ፈረንጇ ከመሄዷ በፊት እንዴት እንደሚያዝ አሳይታኛለች። ስምንት ዓመት ያለ ምንም ችግር ሠርቶላታል። እኛ እጅ ገብቶ ሦስት ወር አልሞላውም።

ሐሙስ

ማሽኑን ፈታሁት።

መጀመሪያ ከመብራት ነቀልኩት። ውስጡ የቀረውን ውሃ በጣሳ ጨለፍኩ፤ ይገማል። ታችኛውን መደርደሪያ አወጣሁ። ከሥሩ የምግብ ትርፍራፊ የሚይዘው ማጥለያ መኖር ነበረበት። የለም። ቀዳዳው ባዶውን አፉን ከፍቷል።

ማጥለያው የት ሄደ? ወጥ ሠሪውን አቶ በላቸውን ጠየቅኳቸው። ድንች መላጣቸውን አላቆሙም። ቁም ሳጥኑን በአገጫቸው አሳዩኝ። ከፈትኩት፤ ማጥለያው ከድስት ክዳኖች ኋላ ደርቆ ተቀምጧል።

"ማን አወጣው?"

"ቅዳሜ ለእንግዶች ግብዣ የነበረ ጊዜ ጓድ መኮንን ደብሬን አንቺ ሂጂ አሏት። ማሽኑን ራሳቸው ለእንግዶቹ ሊያሳዩ። ውሃው ቀስ ሲልባቸው ይኼ ወንፊት ነው የሚያዘገየው ብለው መዘዙት።"

"ይኼንን ለሊቀመንበሩ ይንገሩልኛል?"

ድንቹን ትተው ቀና አሉ። "መምህርት፣ አምስት ልጅ አለኝ። እኔ ምንም አላየሁም።"

ልቆጣቸው ፈልጌ አልቻልኩም። ንዴቴን ይዤ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። የፓምፑን ክዳን በጠመንጃ ፈታሁ — ጠመንጃ ብዬ ጻፍኩ፣ በካቻቪቴ ማለቴ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ያ በር ላይ ያለው ጎረምሳ ነው። ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው መዘውር አልዞር አለኝ። ጣቴን ሰድጄ ዳሰስኩ። የታጠፈ የቢራ ቆርኪ ክንፎቹ መሀል ተሰክቷል። ማጥለያው ቦታው ቢሆን እዚህ አይደርስም ነበር።

ቆርኪ። ደብሬ የቢራ ጠርሙስ የምታየው ሌላው ከፍቶ ከጠጣ በኋላ ነው።

ስስበው ጣቴ ተቆረጠ፣ የክዳኑም ላስቲክ ተበጠሰ። እያረጀ ነበር። ያለ ላስቲክ ቢገጠም ያፈሳል፤ ቢያፈስ ደግሞ "አሁንም ተበላሽቷል" ሊሉ ነው። እዚህ ቢቸና ውስጥ እንዲህ ያለ ላስቲክ የለም።

ዓርብ

ሞጣ። አውቶቡሱ ከደብረ ወርቅ በኋላ ጎማ ፈንድቶበት ፀሐይ ላይ ቆምን። ነጂውን ሁሉ ሰው ሲሳደብ እኔም ተሳደብኩ። ምን አደረገኝ ምስኪኑ።

አቶ ይማም የውሃ ፓምፕና የልብስ ስፌት መኪና ዕቃ የሚሸጡ የሞጣ ነጋዴ ናቸው። የተበጠሰውን ላስቲክ በብርሃን አገላብጠው አዩት። "የዚህ ዓይነቱ አይመጣም። ከካላማዳሪያ ልቁረጥልሽ" አሉ። ከከባድ መኪና ጎማ የወጣ ወፍራም ላስቲክ አምጥተው በአሮጌው ልክ አስምረው ቆረጡ። አንዱ ጠበበ፣ ሁለተኛው ሆነ።

"ይኼ ማሽን ስንት ዘመን ይኖራል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እንደሚይዘው ሰው ነው። ማጥለያውን በየዕለቱ ካጠቡት፣ የውሃ ጨው የደፈነውን ቀዳዳ አልፎ አልፎ በሆምጣጤ ካጸዱት፣ ከእኔ በላይ ይኖራል። ማነው የሰበረው?"

ነገርኳቸው። ደብሬ የት እንዳለችም ነገርኳቸው። ወደ መንገዱ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ላስቲክ ነው የቆረጥኩት እህቴ። ሌላ አልሰማሁም። አላህ ይርዳሽ።"

ሁሉም አልሰማም፣ ሁሉም አላየም። የሰማችና ያየች አንዲት ሕፃን ብቻ ይመስል እሷ ናት የምትጮኸው።

ቅዳሜ

በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለስኩ። ላስቲኩን ገጠምኩ፣ ማጥለያውን ቦታው መለስኩ፣ አዲስ ፊውዝ አስገባሁ። አስነሳሁት። ሞላ፣ ረጨ፣ ጎርጎር እያለ አወጣ። ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ የለም። ብቻዬን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው፣ ከደስታ አይደለም።

አቶ ዘውዱን ይዤ መጣሁ። ጓድ መኮንን ሰምቶ ተከትሎ ገባ። ቆርኪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ከየት እንዳወጣሁት አሳየኋቸው። ማሽኑንም ድጋሚ አስነሳሁት።

"እሷ ራሷ እንዳልከተተችው በምን ታውቂያለሽ?" አለኝ ጓድ መኮንን።

"ሰኞ ጧት ከየት አምጥታ ትከተዋለች?"

አቶ በላቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ስማቸውን አልጠራሁም። አቶ ዘውዱ ቆርኪውን አንስተው በመዳፋቸው አገላበጡት።

"ጓድ፣ ቢራ የጠጣነው እኮ ያለፈው ቅዳሜ ማታ ነው። እኔም ነበርኩ" አሉ በቀስታ። "ማሽኑንም እርስዎ ነዎት ያሳዩን።"

የጓድ መኮንን ጆሮ ቀላ። ሰዓቱን አየና ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። ይቅርታ የሚባል ቃል አልሰማሁም።

እሑድ

ደብሬ ወጣች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ከቀበሌ ስንወጣ ግን "በቸልተኝነት አበላሽቻለሁ" የሚል ወረቀት ላይ እንደፈረመች ነገረችኝ። ካልፈረምሽ እስከ ሰኞ ትቆያለሽ አሏት።

መንገድ ላይ ጮኽኩባት። "ለምን ፈረምሽ? ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ተረጋግጦ አልነበረም?"

ደብሬ ቆመች። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። "እትዬ፣ እርስዎ ሞጣ ድረስ ተንከራተቱልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ጡቴ እየደረቀ ነበር። ሰኞ ድረስ ብቆይ እውነቱ ለልጄ ምን ያደርግላታል?"

ወደ ቤቷ ተጣደፍን።

ሥርጉት መጀመሪያ ፊቷን አዞረችባት። ደብሬ አልተቆጣችም፣ አላባበለችም፤ ደረቷን ከፍታ ጠበቀች። እማማ ውዴ ወደ ግድግዳው ዞረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሕፃኗ ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች። ወተት መኖር አለመኖሩን ከደብሬ ፊት ለማንበብ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ከዚያ ሥርጉት ስትውጥ ተሰማኝ። አንድ ጊዜ። ቆይታ ደግሞ።

"አለ" አለች ደብሬ።