መርዙን ማን ሸጠ ላልሽኝ

ከሚሴ፣ ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም.
የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፣ ከቄራው ጀርባ፦ ጥንብ አንሳ አራት፣ ጭልፊት ዘጠኝ፣ ንስር የለም።

ወደ ረባዳው በረሃ አሞራ ልትጠብቅ ለወረደችው ልጄ ለኢማን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የአፋር ሐሩር እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ሀዲጃ ጭኮ ቋጥራ በሹፌሩ በአብደላ እጅ ልካለች። «ለአሞራዎቹ እንዳታካፍል በልልኝ» ብላለች።

ቁጠርልኝ ካልሽኝ ወዲህ አንድ ቀን አላጎደልኩም። ሱብሒ ሰግጄ ደብተሬን ይዤ ስወጣ ጎረቤቱ፣ «ያ ጀይሉ፣ ዛሬ ደግሞ አሞራ ልትነግድ ነው?» ይለኛል። ይሳቅ። እኔ የማስበው የባቲን ገበያ ነው። ሰባት ዓመትሽ ነበር። እኔ ፍየል ስከራከር አንቺ ጆንያ ላይ ተቀምጠሽ ግራሩ ላይ ያሉትን አሞራዎች ትቆጥሪያለሽ። «አባ፣ አርባ ሁለት!» ትይኛለሽ። «አርባ ይበቃል፣ ሁለቱን መርቂልኝ» ስልሽ ታለቅሺ ነበር፣ ቁጥር አይመረቅም ብለሽ። አፋሩ ወዳጄ ሙሳ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የጠፋች ግመሉን አሞራ የሚዞርበትን አይተን ያገኘንለት ያን ዓመት ነው።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። መርዝ በተነሰነሰበት የፍየል ጥንብ ዙሪያ ሠላሳ አንድ ጥንብ አንሳ ሞተው አገኘን ብለሻል። «መርዙን ማን እንደሸጠ የሚነግረን ጠፋ። አንተ የሰንበቴን ሰው ሁሉ ታውቃለህ፣ ጠይቅልኝ» ብለሻል።

መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሸጥኩት እኔ ነኝ።

ደብተሬን ገልጬ አየሁት፤ ጥር 24፣ ሰንበቴ ገበያ፣ በራሴ እጅ ተጽፏል። ጅብ አሥራ አንድ ፍየል ፈጅቶበት ሙሳ መጣ። «ጠንካራውን ስጠኝ» አለኝ። የማሽላ ተባይ ማጥፊያውን አራት እሽግ ሰጠሁት። «ስትጨርስ እጅህን ታጠብ» አልኩት። ያሰብኩት ለእጁ ብቻ ነበር። ከጅቡ የተረፈውን ማን እንደሚበላ ዕድሜ ልኬን እያየሁ አላሰብኩም።

ትናንት ከጁምዓ በኋላ ለሱቅ ጎረቤቴ ለሸምሱ ነገርኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል! ቢላ የሸጠ ሁሉ ገዳይ ነው?»

«ቢላ ሻጭ ለምን እንደሚገዙት አይነገረውም። እኔ ተነግሮኛል።»

«ታዲያ ልጅህ እንጀራዋን ትጣ? እሷ አሞራ ጠባቂ፣ አባቷ መርዝ ሻጭ! ሰው አይስቅም?»

«አንተው እየሳቅክ ነው።»

«አስተግፊሩላህ፣ እየሳቅኩ ነው።»

ሸምሱ ሞኝ አይደለም፤ የፈራው ነገር እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ አድሯል። ዛሬ ግን አብደላ ጭኮውን ሊቀበል ሲመጣ፣ የመርዙን ሻጭ ማንነት እዚያ የሰማ እንዳለ ጠየቅሁት። ዓይኑን ሰበረ። «ጋሼ፣ ቆላው ሁሉ ያውቃል» አለኝ። የአፋርን ዳጉ ታውቂዋለሽ፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ሳይዋሽ ያወራል። ወሬው ከሰንበቴ እስከ ሰፈርሽ ደርሷል። አንቺ ጋ ሲደርስ ነው የሚቆመው። «የአባቷን ጥፋት ለልጅ ማን በፊቷ ይናገራል?» አለኝ አብደላ።

ስለዚህ ከእኔ ስሚው። ለአለቃሽም ንገሪ፤ ስሜን ከነአባቴ ይጻፉት። ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ያን ዱቄት አውርጄዋለሁ። የባሰው ግን አብደላ እንዳለው ሁለቱ እሽግ አሁንም ሙሳ ቤት ናቸው፣ ጅቡም አልጠፋም። እነሱ ከተነሰነሱ አንቺ እዚያ የምትቆጥሪው አይተርፍም። ሙሳን አትቆጪው። ፍየሉን ማዳን መብቱ ነው፤ ሌላ መንገድ ማሳየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ለመውሊድ ትመጪ እንደሆነ እናትሽ ጠይቃለች። እኔ አልጠይቅም፤ ይህን ካነበብሽ በኋላ አንቺ እንደወደድሽ።

አላህ በዚያ በረሃ ጥላና ውሃ አይንሳሽ። ያሉሽን ወፎችም ያቆይልሽ።

አባትሽ ጀይሉ ሙሀመድኑር

ለራሴ የጻፍኩት የነገ ሥራ፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሰንበቴ። ለሙሳ በረት ሁለት ጥቅል የአጥር ሽቦ መውሰድ። ሁለቱን እሽግ ከእሱ መቀበል። ከአፋሮቹ ጋር ዳጉ ተቀምጦ፣ መርዙን የሸጠው እኔ መሆኔን ልጄም እንደምታውቅ መናገር።