እልልታሽን የት ላስቀምጠው

ለውዷ ባለቤቴ ለትርንጎ፤

«እንደምን ሰነበትሽ» ልል ጀመርሁና አፈርሁ። ከተለያየን ዐሥር ወር ሆነን። የካቲት ላይ ሸኘንሽ፤ አሁን ታኅሣሥ ነው፣ ጾሙም ተጋምሷል። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍሁልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ የምጽፈው አጥቼ ነው። ሰው ሁሉ ማልቀሴን ሲጠብቅ ከረመ፣ እኔም አብሬ ስጠብቅ ከረምሁ። አልመጣም። ሰው ክንዱን ተኝቶበት ሲነሣ የራሱ እጅ አልታዘዝ እንደሚለው፣ እኔም ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኖ ነው የሰነበትሁት። አያመኝም። ምንም አይለኝም።

ዛሬ የምጽፍልሽ የሥራ ጉዳይ ስላለብኝ ነው። ካማረሽ ሳቂብኝ፤ ሚስቱ ሞታበት የመጀመሪያ ደብዳቤውን ስለ ኮምፒውተር የሚጽፍ ባል ከእኔ በቀር የት ይገኛል።

ቤቱ እንደ ተውሽው ነው። ሰፈራችን ፋሲሎም ያው ፋሲሎ ነው፤ ባጃጁ ስቱዲዮው መስኮት ሥር ሲደርስ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እኔም ቀረጻውን አቁሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ድምፅ እንዲይዝልን ብለሽ ግድግዳው ላይ በሚስማር የመታሽው ስፖንጅ ፍራሽ አንድ ጫፉ ተላቆ ወርዷል፤ መልሼ ልመታው እያልሁ ዐሥሬ አልፈዋለሁ። ሥራ የጨረስን ቀን ሐይቁ ዳር ወጥተን ዓሣ እንበላ ነበር፤ አጥንቱን አንቺ ትለቅሚልኝ ነበር፣ እንደ ሕፃን። በዚያ በኩል አሁንም አልፋለሁ። ጀልባው ይሄዳል ይመጣል፣ ሰው ተቀምጦ ይበላል። አየዋለሁና አልፈዋለሁ።

አዲስ ነገር ቢኖር እናትሽ እማማ የሺ ከኔ ጋር መሆናቸው ነው። ከኅዳር ጀምሮ እዚህ ናቸው። ለምን ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ እንደ መጡ ደርሼበት እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ልጨርስ። ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርመው አሮጌው ኮምፒውተራችን እያጣጣረ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የጀመርሁትን ሥራ ይበላብኛል። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ ያንን የለመድነውን የሙዚቃ ፕሮግራም አልቀበልም አለ። ኪቦርድ የሚጫወትልን ሙሉቀን በዚህ ደስ ብሎታል። ያንን ፕሮግራም ሁሉም ጥሎት አንተ ብቻ ቀረህ ይለኛል። እሱ የሚያመጣልኝ አዲስ ፕሮግራም ሁሉን ያውቃል፤ ዘፋኙ ከቅኝት ቢወጣ ራሱ ያቃናዋል፣ ከበሮው ቢዘገይ ራሱ ይጎትተዋል። ጥር ሳይገባ ቀይር ብሎ ያዘኝ። የጥርን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ሙሽሮቹ ከወዲሁ ተራ ይዘዋል፣ ጥር ላይ ያልሠራ ስቱዲዮ ክረምት ላይ በሩን ይዘጋል።

እኔም እምቢ አላልሁም። አንድ ነገር ብቻ ያዘኝ። ያንቺ እልልታ ያለው አሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ነው። የኪቦርዱን የታች ቁልፎች ስነካ አንቺ ትወጫለሽ፣ በያንዳንዱ ቁልፍ አንድ እልልታ። አዲሱ ፕሮግራም ያንን አይከፍትም። ሙሉቀን፣ አንድ በአንድ አውጥተን ብናሻግረው የአንድ ቀን ሥራ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይቻላል። እኔን ያስጨነቀኝ ማሻገሩ ይገባል ወይ የሚለው ነው። የሞተች ሴት በሰው ሠርግ እስከ መቼ እልል ትበል?

አጀማመራችንን አስታውሰዋለሁ። የሠርግ ዘፈን ያለ እልልታ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ለዚያ ስንል የጎረቤት ሴቶችን እየለመንን እናስገባ ነበር፤ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ማይኩን ፈርታ ትሸሻለች፣ አንዷ ደግሞ ከገባች አትወጣም። አንድ ቀን አንቺ ምን ሰው ያስለምናል ብለሽ ገባሽ። ሄድፎኑን ሻሽሽ ላይ ደፍተሽ ቆምሽ። ቆጠርሁልሽ፣ ዝም። ደግሜ ቆጠርሁልሽ፣ ዝም። በደረቁ አይወጣኝም አልሽኝ፤ የሚያስደስት ነገር ሳይሰማ እልል የሚል እብድ ነው፣ ምሥራች ንገረኝ አልሽኝ። ወንድምሽ ፈተናውን ማለፉን ያን ዕለት ጧት ሰምቼ ነበርና ነገርሁሽ። ስፖንጁ ግድግዳ ላይ ባይኖር ሰፈሩ ይሰበሰብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን እንደዚያ ሆነ። እኔ ምሥራች አመጣለሁ፣ አንቺ እልል ትያለሽ፣ እኔም በምሥራቹ ስም አስቀምጠዋለሁ። እውነት ሲያልቅብኝ እዋሻለሁ። አከራያችን መታጠቢያ ቤት ሊሠሩልን ነው ያልሁሽ ጊዜ ውሸት መሆኑን እያወቅሽ አሳምረሽ አልሽው፤ ስሙ እስከ ዛሬ «መታጠቢያ ቤት» ነው። ሙሽሮች ግን ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት «ውኃ መጣ»ን ነው። ቧንቧው ደርቆ ሰንብቶ በድንገት ሲንዶቆዶቅ ሰምተሽ፣ ጀሪካኑን ትተሽ ወደ ማይኩ የሮጥሽበት ነው። የዚህ ከተማ ስንቷ ሙሽራ ዳስ የገባችው በሱ ነው፤ የምንስቀው እኔና አንቺ ብቻ ነበርን።

ካንቺ በኋላም አላቆምሁም፤ ይህን ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። አርባሽ እንደ ወጣ ስቱዲዮውን ከፈትሁ። የመጀመሪያው ዘፋኝ መጣ፣ ዘፈነ፣ እልልታው ቦታ ላይ ሲደርስ እጄ ራሱ ሄዶ ቁልፉን ነካ። ወጣሽ። ምንም አላለኝም። የድምፁ ልክ ደህና ነው ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍሁ። ፋሲካ አልፎ ሠርግ ሲበዛ በየዳሱ አንቺ ነበርሽ። ሰፈሩ ሰምቶ ዝም አለኝ፤ ከሐዘን ቤት እልልታ ሲወጣ ማን ደፍሮ ይጠይቃል።

ኅዳር ላይ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ቁንዝላ ከእናትሽ ቤት ማዶ ሠርግ ነበር። እማማ የሺ ከላቸውን እንደ ለበሱ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ያንቺ እልልታ ከድምፅ ማጉያው መጣ። እናት የልጇን ድምፅ አትስትም። መጀመሪያ አእምሮዬን ሳትሁ ብለው ፈሩ። ከዚያ ጎረቤት ጠርተው ላንቺም ይሰማሻል ወይ ብለው ጠየቁ። ይሰማኛል አለቻቸው። በማግሥቱ ጀልባ ተሳፍረው መጡ።

በር ላይ ሳያቸው ሊረግሙኝ የመጡ መስሎኝ ቆምሁ። እርግማኑንም ቢሆን ለመቀበል ዝግጁ ነበርሁ፤ እንዲያውም የሚሰማኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ጓጓሁ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና አሰማኝ አሉ። በየስሙ እየነገርሁ አሰማኋቸው። «መታጠቢያ ቤት» ላይ ሳቅ ቃጣቸው። «ውኃ መጣ» ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሲያልቅ አልረገሙኝም፣ አልመረቁኝም፤ ወጥ ቤት ገብተው እሳት አያያዙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልሄዱም። ስለ እልልታው አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አሮጌው ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ፣ አዲሱ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ፣ እኛ ሁለታችን እንጀራ ስንቀራረብ ሳምንቶቹ ሄዱ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን ትዕግሥቱ አልቆ መጣ። ላፕቶፑን ራሱ ከሳጥን አውጥቶ አዲሱን ፕሮግራም ጫነው። እልልታ ከሆነ ችግርህ ይኸው ተዘጋጅቶ የመጣ አለ ብሎ አንድ ቁልፍ ተጫነ። የሌላ አገር እልልታ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ይቆማል። እማማ የሺ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበርና ቀና ብለው፣ ይህች ሴትዮ ምን ደረሰባት አሉ። ሙሉቀን እስኪያነባ ሳቀ። የኔም አፍ ሳቀ።

እሱ ሲሄድ እማማ የሺ ገቡ። አሮጌውን ኮምፒውተር እያሳዩ፣ ይህን መኪና ብትቀይረው ትርንጎ ምን ትሆናለች ብለው ጠየቁኝ። ካልፈለግሁ እዚያው አሮጌው ውስጥ ትቀራለች፣ ከፈለግሁ አሻግራታለሁ፣ ከዚያ እኔ እስካለሁ በየሠርጉ እልል ትላለች አልኋቸው። ማይኩን ትንሽ አዩት።

«አዱኛ ልጄ፣ በቁሟም ሞታም የሰው ሠርግ አደመቀች። ይበቃታል። እሷ ትረፍ፤ እኔ ልተካት» አሉኝ።

ከል ለብሰው እንዴት ይሆናል፣ ሰው ምን ይላል አልኋቸው። የሰውን ለኔ ተወው፣ የነፍስ አባቴንም እኔው እጠይቃለሁ አሉና ማይኩ ፊት ቆሙ። ሄድፎኑን እምቢ አሉ። አዲሱን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ ከፈትሁት። ቀረጻውን አስጀመርሁ፣ ቆጠርሁ። ዝም። ደግሜ ቆጠርሁ። ዝም።

በደረቁ አይወጣኝም አሉኝ። ምሥራች ካለህ ንገረኝ አሉ።

ከማን እንደ ወረስሽው ገባኝ። ምሥራች ፈለግሁ፣ ትርንጎ። እውነትም አጣሁ፣ ውሸትም አጣሁ። ልጇን ለቀበረች እናት ምን ተብሎ ይዋሻል? እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ፣ ቀረጻው ባዶውን ይሄዳል። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ዞረ። ወዲያው አላወቅሁትም። ካንቺ ወዲህ የምበላው ሰዓቱ ስለ ደረሰ ነበር፤ እማማ የሺ ያቀርባሉ፣ ሁለት ሦስቴ ጎርሼ እነሣለሁ፣ ምን እንደ በላሁ ብጠየቅ አልመልስም። ጾሙ ሲገባ እንዲያውም ተገላገልሁ፣ ጾመኛ መሰልሁ። እሳቸው የተረፈውን እያዩ መልሰው ይከድኑት ነበር። ወጥ ቤት የጣዱት ምስር ይሸት ነበር፤ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ።

«እማማ፣ ራበኝ» አልሁ።

ዞረው አዩኝ። እውነትህን ነው አሉኝ። እውነቴን ነው አልኋቸው።

እልል አሉ። ሲጀምር ተሰነጠቀ፤ ዐሥር ወር የተዘጋ ጉሮሮ ነውና። ከዚያ ተከፈተ፣ ከፍ አለ፣ መጨረሻው እልልታ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃተኝ። ድምፁ ከልክ አልፎ ላፕቶፑ ላይ የድምፅ መለኪያው መስመር ሁሉ ቀላ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደገም እል ነበር። እሳቸው ይደገም አይደገም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ወጥ ቤት ሮጡ። ምስሩን በላሁት። ጨው በዝቶበታል። ሁለተኛ ጭልፋ ለመንሁ፤ ሲጨምሩልኝ ግማሹን ትሪው ላይ አፈሰሱት። አለቀስሁ አልልሽም፣ አላለቀስሁም። ግን በላሁ።

እንግዲህ ፕሮግራሙን ቀይሬያለሁ። አዲሱ ላይ የመጀመሪያው ቁልፍ የእናትሽ ነው፤ «ራበኝ» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ጥር ላይ ሙሽሮቹ በሱ ይገባሉ። ያንቺን አላሻገርሁትም። ቅጂውን እማማ የሺ ስልክ ላይ ጫንሁላቸው፤ ሲያሰኛቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰሙሻል፣ ዛሬ ጧትም ብቻቸውን ሲስቁ ሰማኋቸው። ከእንግዲህ ለገበያ አትወጭም። እረፊ።

ትልቅ ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ውስጤ ገና ደንዝዞ ነው። የምችለውን ልንገርሽ። ትናንት ከራበኝ ነገም ሳይርበኝ አይቀርም። በራበኝ ቁጥር፣ እጄን ታጥቤ ማዕድ ፊት በቀረብሁ ቁጥር፣ ከመጉረሴ በፊት አንቺን አስባለሁ።

ያንቺው አዱኛ