የግራናይቱ ግርድ

ጥቅምት 6

ዝናቡ ዛሬም አልለቀቀም። ከሰፈሬ ከበቾ ቦሬ እስከ ቢሮ ጭቃ ብቻ። ቤተ ሙከራ ስገባ ተማሪዬ ነጅላ ቀድማኝ አጉሊ መነጽሩ ላይ ተደፍታለች። ከጊምቢ ማዶ ያመጣነው ግራናይት ተፈጭቶ፣ ታጥቦ የቀረው ዚርኮን ነው... ከጤፍ ያነሰ የማዕድን ፍሬ። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ይለቀማል። ዕድሜው የሚለካው ከሱ ነው፤ ግራናይቱ መቼ እንደወጣ ከታወቀ ተራሮቹ መቼ እንደተሠሩ ይታወቃል። የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አልችልም። ሌሎቹ ተማሪዎች ዓይናችን ፈሰሰ እያሉ ሸሹ። እሷ ግን ወይ ፍንክች።

እናቷ ሰርቦ ከተማ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ናት። "በዘር የመጣ ነው ለካ" አልኳት። ሳቀች። ስድብ መሆኑ አልገባትም ይሆን? እንጃ።

ጥቅምት 9

"ዶክተር፣ እነዚህ ጥቁሮቹስ?" አለችኝ።

አየሁ። ድቡልቡል፣ ጠቆር ያሉ፣ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰሉ። ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ አላጣሁትም። ግራናይት ቀልጦ ሲወጣ ያለፈበትን አለት ፍሬ ይዞ ይወጣል። እነዚህ ከሥር ከተቀበረ አሮጌ አህጉር የመጡ ከሆነ የኔ ሃያ ዓመት ገደል ገባ። ያ የተራራ ሰንሰለት ከባሕር ደሴቶች ግጭት ነው የተወለደው፣ ከሥሩ አሮጌ መሬት የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኛ! ማዕረጌም ስሜም በዚያ ነው።

"ቆሻሻ ነው" አልኳት። "ኤክስፖርት ቡና እንደሚለቀም ልቀሚ። አንድ ዓይነት፣ ንጹሕ። ሌላውን ጣይው።"

"ግን የቆዩ ቢሆኑስ?"

"ማን ጠየቀሽ?"

ወደ መርፌዋ ተመለሰች። ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 20

እሰይ! ከውጭ ቤተ ሙከራ ውጤቱ መጣ። አምስት መቶ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት። ሁሉም ፍሬ አንድ ላይ፣ አንድም ያፈነገጠ የለ። ነጅላን አወቱ መንደራ ሰፈር ወስጄ ማኪያቶ ጋበዝኳት።

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ እመረቃለሁ ማለት ነው?" አለች። የእናቷ ዓይን እየጠፋ ነው፣ መጋዘኑ ሊያሰናብታት ነው። ተመርቃ የክፍላችንን ረዳት መምህርነት ካላገኘች ቤቱ ጦሙን ያድራል። ይሄን ሁሉ ለምን ለኔ ትነግረኛለች? "ትመረቂያለሽ" አልኳት።

ሚያዝያ 11

ይህቺ ቂል! ይህቺ ደደብ!

ዛሬ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ለመመረቂያ ፈተናዋ ቀረበች። ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣው ዶክተር ዓለምብርሃን ነው። ጥሩ ሄደላት... እስከ መጨረሻው። "ሌላ ዓይነት ፍሬ አልነበረም?" ብሎ ጠየቃት። "ነበር፤ አስቀምጬዋለሁ" አትለውም መሰላችሁ? ከመሳቢያ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ጥቁሮቹ ናቸው። ሁሉም። ላዩ ላይ "ግርድ" ብላ ጽፋበታለች።

ጣይው ብያት ነበር እኮ! ለካ ቡና መጋዘን ውስጥ ግርድ፣ ተለቅሞ የወጣው መጥፎ ፍሬ፣ አይጣልም። ለብቻው ተመዝኖ ለአገር ውስጥ ገበያ ይሸጣል፤ ለቃሚ ግርድ ካጎደለች ሰረቀች ተብላ ትባረራለች። ልጅቷ እዚያ ነው ያደገችው። እኔ ኤክስፖርት ቡና እንዳልኳት ልክ እንደዚያው አደረገችው።

ዓለምብርሃን አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። "እነዚህን ለይቶ ያወጣው ማነው?" ነጅላ እኔን አየች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ያልተመቸን ናሙና ማስቀረት ማጭበርበር ነው ተብሎ ፈተናው ተቋረጠ፣ ነገሩ ወደ ኮሚቴ ተመራ።

ሚያዝያ 13

ነጅላን ቢሮ ጠርቼ በሩን ዘጋሁ።

"በራሴ ነው ያወጣኋቸው በይ። ልጅ ነሽ፣ ይቅር ይሉሻል።"

"እርስዎ ነዎት እኮ ያሉኝ..."

"ማን ሰማ?"

አለቀሰች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከዚያ ለስለስ አልኩ። እኔ ከወደቅሁ ማን ያስመርቅሻል? በመስከረም እንደገና ትቀርቢያለሽ። ረዳት መምህርነቱም ያንቺ ነው።

"ይማሉልኝ" አለች።

"እናቴ ትሙት" አልኳት። እናቴን ከቀበርኳት ቆየሁ።

ግንቦት 2

ኮሚቴው ተቀመጠ። ቃሏን ሰጠች። "እኔ ነኝ። ዶክተር አያውቁም። የቡና ለቀማ ልማድ አሳስቶኝ ነው።" ይቺን የመጨረሻዋን እኔ አላስጠናኋትም፣ ከራሷ ጨመረችልኝ። ለኔ ብላ!

ምን ይደረግ ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ይታለፍላት ልል ነበር... እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብትመለስስ? ጥቁሮቹም ዕድሜያቸው ይለካ ብትልስ?

"ራሷ አምናለች። ደንብ ደንብ ነው" አልኩ።

ተባረረች። ቀና ብላ አየችኝና ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብልቃጡን የትምህርት ክፍሉ ንብረት ነው ብለው ለኔ አስረከቡኝ። ወደ ቤት ስሄድ ከድልድዩ ላይ አወቱ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት።

ሰኔ 4

እናቷ መጣች። ኢፍቱ ትባላለች። አንዲት ጎረቤት እየመራች አስገባቻት።

"ማሎ፣ እባክዎ ዶክተር፣ ልጄ አጥፍታለች። እንደ ልጅዎ ይዩልኝ።" ፊቷን ያዞረችው ወደ መደርደሪያው ነው። ወዲህ ነኝ አላልኳትም።

"ደንብ ነው፣ እናቴ።"

ስትወጣ አመሰገነችኝ። "አላህ ይስጥልኝ፣ ጊዜዎን ወሰድኩ" አለችኝ። ለምኑ ነው የምታመሰግነኝ? ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።

ነሐሴ 22

ጽሑፉ ታተመ። በኔ ስም ብቻ።

ኅዳር 17

እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አለ፣ ለማን እነግረዋለሁ? ጥቁሮቹ ስንት ዓመታቸው ነበር? ለሰው አይደለም፣ ለኔ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ተራራ ስለፈልፍ ኖሬ፣ ሳልሞት ልወቀው እንጂ!

ባለፈው ወር ከዚያው ቦታ አዲስ ድንጋይ አስመጥቼ አስፈጨሁ። ለቃሚው ፋሂም ነው፣ አዲሱ ተማሪዬ። "ሁሉንም ልቀም" አልኩት። "ጥቁሩንም፣ ድቡልቡሉንም። አንድም እንዳይቀር።" "እሺ ዶክተር" አለኝ።

ዛሬ አመጣልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ንጹሕ። ሁሉም አንድ ዓይነት። አንድም ጥቁር የለበትም።

"ጥቁሮቹስ?"

"አልነበሩም ዶክተር።"

"እንዴት አይኖሩም? እዚያው ቦታ እኮ ነው! የቀረውን አምጣልኝ።"

"አጥቤ ደፋሁት።"

"ፋሂም፣ የእውነቴን ነው። ማወቅ ፈልጌ ነው።"

በሩን ዘወር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገና "አይጨነቁ ዶክተር፣ ገብቶኛል። እኔ እንደ ነጅላ አይደለሁም" አለኝ።

ልጮህበት ፈለግሁ። በምን አፌ? ሌላውን ተማሪ ጠርቼ ባዝዘው፣ እሱም ገብቶታል። ሁሉም ገብቷቸዋል።

"ጎበዝ" አልኩት።