እናትህን አላስራብኳቸውም

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሪያድ ላለኸው ለልጆቼ አባት፣ ለኢብሮ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ አብሮህ የሚሠራው ረድዋን ፈቃዱን ጨርሶ ሲመለስ ያደርስልኛል። በስልክ ያልነገርኩህ ስናገር ስለምታቋርጠኝ ነው።

ተናድጃለሁ። ባለፈው ወር ደውለህ፣ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ጣይባ፣ እናቴን በረሃብ ልትገድዪብኝ ነው?» ያልከኝ ቃል እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። እናትህ «ስኳር ከለከለችኝ፣ እንጀራዬንም ቀነሰችብኝ» ብለው ነግረውሃል። እውነታቸውን ነው፣ ቀንሻለሁ። ለምን እንደቀነስኩ ግን አልጠየቅከኝም።

የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የተነገረን ሰኔ ላይ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መቅደስ አስቀምጣ አስረዳችን። ስኳር መላስ ብቻ አይደለም አለች፤ እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ማንጎውም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል፣ የእሳቸው ገላ ደግሞ ያንን በአግባቡ መጠቀም ተስኖታል። አስርቢያቸው አላለችኝም፤ ልክ አብጂለት ነው ያለችኝ። ስለዚህ ሦስት የነበረውን እንጀራ አንድ አደረግኩና ገበታውን በጎመንና በማሾ ወጥ ሞላሁት። ሻዩን ያለ ስኳር አፈላሁ። ኪኒናቸውን በሰዓቱ ሰጠሁ። ፀሐይ በረድ ሲል እስከ መስኖው ቦይ አብሬያቸው እሄድ ነበር። እኔም ልጆችህም የምንበላው ያንኑ ነው። መስከረም ላይ ስኳራቸው ከሦስት መቶ ወደ መቶ አርባ ወርዶላቸው ነበር።

አንተ ግን እኔን በሰደብክበት ቀን ለባለሱቁ ለካሚል ደውለህ ሁለት ሳጥን ለስላሳና ብስኩት አስላክህ። እናትህ እንዴት ደስ አይላቸው? ልጃቸው የላከው ነዋ። ከፊታቸው ላርቀው ብል ጎረቤቱ «ልጅ የላከውን ልትቀማ ነው» ብሎ አፉን ከፈተብኝ። ሳጥኖቹን ተውኩላቸው። በመተዌ በራሴም ተናድጃለሁ።

ለስላሳው በመጣ በአስራ ሰባተኛው ቀን ውሃ ቢጠጡ አልረካ አሉ፤ ዓይናቸውም ደበዘዘ። እግራቸውን ላጥብ ጫማቸውን ሳወልቅ ትንሿ ጣታቸው ቆስላ አመርቅዛለች። ሚስማር ወግቷቸው ኖሮ፣ እግራቸው ደንዝዞ አልተሰማቸውም። በባጃጅ ሆስፒታል ሳደርሳቸው ስኳራቸው አራት መቶ ስልሳ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ ቀን ተኙ። እግራቸው ተርፏል፤ ጣቷ ግን ተቆርጣለች።

በዚያን ሰሞን ስትደውል ደህና ነኝ ያሉህ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ነው። «ልጄ በላከልኝ ነገር መታመሜን እንዳይሰማ» ብለው አስምለውኝ ነበር። መሐላዬን አፍርሼ ጻፍኩልህ፤ ማካካሻውን እኔው እጾማለሁ። አንተ ግን ማወቅ አለብህ።

ከሆስፒታል በወጡ ማግስት ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ከተረፈው ለስላሳ ሊቀዳላቸው ሲል ብርጭቆውን በእጃቸው ከደኑት። «ከእንግዲህ ጣይባ የሰጠችኝን ነው የምበላው» አሉ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ሰው ፊት እንዲህ ያለ ቃል ከአንተ ነበር የምጠብቀው።

ሌላም አለ። መቅደስ በሽታው በዘር እንደሚሄድ ነግራኝ ልጆቻቸው እንዲመረመሩ አሳሰበችኝ። ረድዋንን ስለ አንተ ጠየቅኩት። ሊሸሽገኝ ሞክሮ ነበር፣ ጠበቅ ሳደርግበት አወጣው። መኪና ስትነዳ በየሰዓቱ ሽንት ቤት ፍለጋ ትቆማለህ። ሱሪህ ሰፍቶህ ቀበቶህን ሁለቴ በስተሃል። ምሳህ የጣሳ ለስላሳና ኬክ ነው። ሲጠይቁህ ሙቀቱ ነው ትላለህ።

ሙቀቱ አይደለም፣ ኢብሮ። ነገ ሂድና ተመርመር፤ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እስከዚያ ብትደውልም አላነሳም። ስድስት ዓመት የጠበቅኩህ ሬሳህን ልቀበል አይደለም።

አላህ ገላህን ያበርታልህ፣ መንገድህን ሰላም ያድርግልህ፣ በእግርህ ቆመህ ለቤትህ ያብቃህ።

የልጆችህ እናት
ጣይባ

አላነሳም ብልህም፣ ስልኩን ከአጠገቤ አላርቀውም።