መቀመጥ የማይሆንላቸው አስታማሚ፦ የወይዘሮ ቴክላ ዱሽኮቫ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቴክላ ዱሽኮቫ ከአባታቸው ከአቶ ኢግናትስ ሃቭራኔክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማግዳሌና፣ ቦሄሚያ ውስጥ ክላቶቪ አጠገብ ባለች መንደር እ.ኤ.አ. በ1867 ተወለዱ። ቆመው ለመሄድ ከእኩዮቻቸው ሁሉ ቀደሙ፤ ከዚያ ወዲህም አንድም ቀን ቀስ ብለው ሲሄዱ ያያቸው የለም። ይህን ታሪክ የጻፍኩት የወንድማቸው ልጅ ኦቲሊያ ነኝ። መንገድ አብረን ስንወጣ የማየው ጀርባቸውን ነበር።

አባታቸው ከሰበካው ቄስ ጋር ተጣልተው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ውትድርናም ተማርረው፣ በ1876 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ኔብራስካ ውስጥ ዛሬ ኖቫ ሉካ የምንላት ከተማችን ያኔ ሣር ብቻ ነበረች። የመጀመሪያውን ክረምት ከነሣሩ ተቆርጦ በተደረደረ አፈር በሠሯት ጎጆ ውስጥ አሳለፉ። በረዶው ሳይቀልጥ ወይዘሮ ማግዳሌና በሳንባ ምች ሞቱ። ጎረቤት ሩቅ ነበር፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ሬሳ ሣጥኑን አባትየውና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃቸው ሜቶዴይ ከፊትና ከኋላ ይዘው ወጡ። ቴክላ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከኋላ ተከተሉ። ሌላ ቀባሪ አልመጣም። አክስቴ ያንን ቀን ሲያነሱ ዘወትር የሚጨርሱት በአንድ ጥያቄ ነው፤ «እኔንስ ማን ይሸከመኛል?» ይላሉ።

በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብና መጻፍ እንደቻሉ በእርሻ ሥራ ምክንያት ትምህርታቸውን አቋረጡ። መምህርቷ ለአባታቸው «ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ወንበሩ ግን ያቃጥላታል» ብላቸው ነበር አሉ።

በ1881 አባታቸውና ጥቂት የአገራቸው ልጆች የሜዳ ወንድሞች መረዳጃ ማኅበርን አቋቋሙ። እኛ ከቤተ ክርስቲያን የተለየን ሰዎች ስንሞት ደወል አይደወልልንም፣ የሚፈታን ቄስም የለም፤ ቀባሪያችን ማኅበሩ ነው። አባል ሲታመም በተራ ያስታምማል፣ ሲሞት የሙዚቃ ባንዱን አስቀድሞ ተሸክሞ ይቀብራል፣ ሚስትና ልጆቹንም ይረዳል። ዳሩ ግን ስሙ እንደሚለው የወንድሞች ነበር። ሴት አዳራሹን ትጠርጋለች፣ ኮላቺ የሚባለውን የአገራችንን ጣፋጭ ዳቦ ትጋግራለች፤ የሞተች ዕለት ግን ባሏ ተሸካሚ ፍለጋ ጎረቤት ሲለምን ይውላል። ቴክላ ይህን ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ነበር።

በ1887 ከኮርቻ ሠሪው ከአቶ ሂኔክ ዱሼክ ጋር በማኅበሩ አዳራሽ ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ በአገራችን ልማድ የባላቸው ስም በሴት አጠራር ዱሽኮቫ ሆኖላቸው፣ ካሚልንና ሉድሚላን ወለዱ። አቶ ሂኔክ እርጋታን የታደሉ ሰው ነበሩ፤ ሚስታቸውን ከቤት ማግኘት ግን አልታደሉም። አንድ ቀን ታመምኩ ብለው ተኙ። አክስቴ ግንባራቸውን ዳስሰው «ምንህን ነው?» ሲሏቸው «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሚስትህን ማየት ከፈለግህ ታመም ቢሉኝ ጊዜ ነው የተኛሁት» አሉ። «በል ተነስ፣ አንተ ቀላማጅ! ጎረቤታችን ባርቦራ የእውነት ትኩሳት ይዟታል» ብለው ሻርባቸውን ጠምጥመው ወጡ። ይህን ቀልድ አቶ ሂኔክ ራሳቸው እያወሩ ሰው ያስቁ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን የማስታመሙ ተራ የባል ቢሆንም ድካሙ የሚስት ነበር። ወንዶቹ ከእርሻ ደክመው ይመጡና ሚስቶቻቸውን ይልካሉ፤ በስብሰባ ቀን ደግሞ «ተራዬን ተወጥቻለሁ» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ይቀመጣሉ። ማኅበራችን በመላ አሜሪካ ያሉ የአገራችን ሰዎች ያቋቋሙት የአንድ ትልቅ ማኅበር ቅርንጫፍ ሆኖ ነበር፤ በ1897 እኛን ጨምሮ የምዕራብ ቅርንጫፎች ከእናት ማኅበሩ ተለይተው ሴቶችን በእኩልነት ለመቀበል ወሰኑ። ቴክላ ወሬውን እንደሰሙ አመለከቱ። አዲስ አባል የሚገባው ግን ነባሮቹ ሣጥን ውስጥ ነጭ ወይም ጥቁር ኳስ ጥለው ነው፤ አንድ ጥቁር ከተገኘ ቀረ። ጥቁር ተገኘ። ደግመው አመለከቱ፤ አሁንም ጥቁር ተገኘ። ማን ጣለው ብሎ መጠየቅ በደንቡ ክልክል ነው፤ መጠየቅም አላስፈለገም። የማኅበሩ ሊቀመንበር የነበሩት ወንድማቸው፣ አባቴ አቶ ሜቶዴይ፣ አዳራሹ በር ላይ ቆመው «የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ነገም እጥላለሁ» አሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ምክንያቱ የራሴ ነው» ብለው ፈረሳቸውን ፈትተው ሄዱ። ወንድምና እህት ተኳረፉ። የዚያን ዓመት የገናን ዝይ እንኳ ሁለቱ ቤት ለየብቻ ነው የበላው።

አክስቴ ቁጭ ብለው የሚያለቅሱ ሰው አይደሉም። ሴቶቹን ሰብስበው «ከእንግዲህ ተራውን ባለተራው ይወቀው» አሏቸው። ሴቶቹም በሙሉ የማንንም ተራ አንሸፍንም አሉ። ያን ጊዜ አንጥረኛው ቬንዴሊን ሳንባውን ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ወንዶቹ ሊያስታምሙት ገቡ። ቢራ ይዘው ገቡ፤ ፒፓ አጨሱበት፣ እግሩ ሥር ካርታ ተጫወቱበት፤ ደረቱን ይቀቡት ዘንድ የተሰጣቸውን የዝይ ስብ በዳቦ በሉት። ቬንዴሊን ቢቸግረው «እናንተ ሰዎች፣ ወይ ሴቶቹን መልሱልኝ፣ ወይ ቅበሩኝና ልገላገል» አላቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን አክስቴ ቤታቸው ውስጥ ከመስኮት መስኮት ሲንጎራደዱ ነበር። ቃላቸውን እንዳይበሉ አንድ ልብ ይይዛቸዋል፣ ሰው ሲሞት እንዳያዩ ሌላ ልብ ይገፋቸዋል። በመጨረሻ አልቻሉም፤ ሄደው ወንዶቹን ከነካርታቸው አባረሩና «ለማኅበሩ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ሳልህ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው» እያሉ ቬንዴሊንን አስታመሙት። ዳነም።

ቬንዴሊን ደህና ሆኖ ስብሰባ የመጣ ዕለት ተነሥቶ «ጋሽ ሜቶዴይ፣ ዛሬ በእግሬ የቆምኩት በእህትዎ ነው። ምክንያትዎን ይንገሩን፣ አለዚያ እኔም ከዚህ ማኅበር እወጣለሁ» አለ። አባቴም ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ «እናታችንን የወሰድን ቀን እጄ በብርድ ደንዝዞ ሣጥኑን ጥዬዋለሁ» አሉ። «እህቴ ከኋላ ሆና አይታለች። ሬሳ መሸከም ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ እሷ እንድታውቀው አልፈልግም። አባል ከሆነች እንደማናችንም ትሸከማለች።» አክስቴ ኮላቺ ሊያቀርቡ መጥተው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ይሰሙ ነበር። ትሪውን አስቀምጠው ገቡ። «ሜቶዴይ» አሉ፣ «ያንተ እጅ የደነዘዘው የምትይዘው ነገር ስለነበረህ ነው። እኔ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። ያንተ ይከብዳል የኔ?» በአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያንን ጥያቄ ያወሩት ነበር።

በሚቀጥለው የድምፅ ቀን አባቴ ነጩን ኳስ ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳይተው ጣሉት። ምስጢር መጠበቅ ደንብ ነውና ወዲያው ተቀጡ፤ ቅጣታቸውንም ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ወይዘሮ ቴክላ በ1898 የማኅበሩ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ነገር አስቀሩ፤ «ሴት ትግባ፣ ታስታምም፤ ሬሳ ግን አትሸከምም» አሉ። አክስቴ ለጊዜው ዋጡት።

ከዚያ ወዲህ የአስታማሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ አገለገሉ። መጀመሪያ በእግራቸው፣ ቀጥሎ በጋሪ፣ በኋላ ደግሞ ከኋላ ሰው የሚያሳድዳቸው በሚመስል መኪና ይዞሩ ነበር። ያልታመመ ሰው እንኳ ከሩቅ ሲያያቸው አልጋው ውስጥ ይገባ ነበር እየተባለ ይቀለዳል። በ1918 ያ ክፉ ጉንፋን ሲገባ ቤት ለቤት እየሄዱ ሲያስታምሙ በሽታው የራሳቸውን ቤት አንኳኳ። አቶ ሂኔክ የታመሙ ጊዜ ሚስታቸው ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላሉም። አቶ ሂኔክም ትንፋሽ እያጠራቸው «ይኸው፣ በስንት ጣሬ አገኘሁሽ» አሏቸው። እሳቸውን ቀብረው ሲመለሱ አክስቴ አላረፉም፤ ወደ ሌሎቹ በሽተኞች ሄዱ፤ እያለቀሱ ነው ሾርባ ያበሉት። ስለዚያ ወር ማንም እንዲያጽናናቸው አይፈልጉም ነበር።

ዘመኑ ሲለወጥ ወጣቶቹ ወደ ኦማሃና ወደ ሊንከን ሄዱ፣ ቋንቋችንም ከአዳራሹ እየራቀ መጣ። ዋናው ጽሕፈት ቤትም ማኅበሩን ወደ ኢንሹራንስነት አዘነበለው፤ ለታመመ አባል ሰው መላክ ቀርቶ አበባ ይላክ የሚል መመሪያ መጣ። አክስቴ «አበባ ውሃ አያቀብልም» ብለው መመሪያውን ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ባለፈው መኸር ግን ያ ቬንዴሊን አርፎ ለመሸከም የሚችል አባል ጠፋ። የቀሩት ወንዶች ወገባቸው አይቃናም፣ ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። የተሸከሙት ስሙን እንኳ የማያውቁ የቅጥር ሰዎች ነበሩ። አክስቴ ከመቃብር ተመልሰው ምግብ አልቀመሱም፤ እንደ ልጅነታቸው «እኔንስ?» ማለት ጀመሩ። እኛም «ለዚህ ነው እንዴ የሚጨነቁት» እያልን ልናስቃቸው ሞከርን፤ አልሳቁልንም።

በጃንዋሪው ስብሰባ ተነሥተው «እኛ ሴቶቹ እንሸከም» አሉ። አንዱ ሽማግሌ «እትዬ ቴክላ፣ ትከሻችሁ አይችልም» ቢላቸው «እናንተን ከእነጫማችሁ ስንሸከም የኖርን ሰዎች ሣጥን ያቅተናል?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ነገሩ ግን አልተወሰነም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ ተባለ። አክስቴ እየተቆጡ ወጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልባቸውን ያማቸው ጀመር።

ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይወርዱ አዘዘ። ማኅበርተኞቹ ሴቶች በተራ ሊያስታምሟቸው ተስማሙ፤ አክስቴ ግን መታመም አልለመዱም። ትራሱ ቆረቆረኝ ይላሉ፣ መጋረጃው ይከፈት ይላሉ፣ መኪናዬን አምጡ ይላሉ። ማርች 9 ቀን 1939 ባለተራዎቹ ሲደርሱ አልጋው ባዶ ነበር። ያገኟቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ባርቦራ ዘንድ ነው። ወይዘሮ ባርቦራ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር፤ አክስቴ አጠገባቸው ወንበር ላይ፣ እጃቸውን እንደያዙ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገዋል። ሴቶቹ ሲገቡ ወይዘሮ ባርቦራ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ቀስ በሉ፤ መቀመጧ ገና አሁን ነው» አሏቸው። እንደዚያ ሆነው በሰባ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል።

ወይዘሮ ቴክላ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ካሚልና ሉድሚላ፣ ወንድማቸው አቶ ሜቶዴይ፣ በእጃቸው ያገገመው የኖቫ ሉካ ሰው ሁሉ ዛሬ በሐዘን ላይ ነን። ወይዘሮ ባርቦራ ድነው ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ እግዜር ያጽናቸው እንዳልል እሳቸውም እንደኛ ከቤተ ክርስቲያን የተለዩ ናቸውና ይቆጡኛል፣ ስለዚህ እኛው እናጽናቸው።

ትናንት ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ አድርጎ ነበር። የሴቶቹን ጉዳይ ያቀረቡት አባቴ ናቸው። ሣጥኑና ኳሶቹ ይምጡ ሲባል «ምን ያደርግልናል፤ እጅ አውጡ» አሉ፤ ሁሉም አወጣ። ስለዚህ ወይዘሮ ቴክላን የሚሸከሟቸው አምስት ማኅበርተኛ ሴቶችና አባቴ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ ሐኪሙም ከልክሏቸዋል፤ «ሐኪሙን ይዛችሁት ሂዱ፣ የኔን ቦታ ግን ማንም እንዳይነካ» ብለዋል።

ወደ መቃብር ስንወጣ ማንም ከፊት እንዳይቀድም፣ አባቴንም ካልጠየቁ በስተቀር ማንም እንዳይደግፋቸው ይሁን። ባንዱ ቀስ ያለውን ዜማ ይጫወታል። አክስቴ በሕይወታቸው ማንንም ቆመው ጠብቀው አያውቁም፤ ዛሬ ግን በወንድማቸው እርምጃ ይሄዳሉ። ስንቱን ደግፈው ያነሡ ናቸውና መሬቲቱ አትክበዳቸው፤ አፈሩን ገለባ ታድርግላቸው።