ወንበሩ ከነላስቲኩ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ጠዋት 1፡30
ወተት ፈላ። የልጄን የሶሊያናን ፋሻ ቀየርኩ። አገጯ ላይ ሦስት ስፌት፤ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። እሁድ ጋሼ ደምሴ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ በመኪናው ሲወስደን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ አስያዛት። ካዛንቺስ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ያዘ፤ አገጯ መሪው ላይ አረፈ። ልጅ ወድቆ ነው የሚያድገው አለ። ይቅርታ አላለም። ባሌ አይወቅሰውም፤ ያሳደገው ይሄው ወንድሙ ነው። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ልጄን ስጠኝ አላልኩም። ሰው ፊት «እሳቸው» እላለሁ። እዚህ፣ ደብተሬ፣ «እሱ» ነው። አልረሳለትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7
ለመኪናችን የሕፃን መቀመጫ ገዛሁ። መጀመሪያ ያየሁት ያገለገለ ነበር። ያምራል፤ ግን ቀበቶው ተተልትሏል፣ ግጭት ይለፍበት አይለፍበት ሻጩ አያውቅም። ተውኩት። አዲሱን በኪሎዋ መረጥኩ፤ አሥራ አንድ። ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ የምትቀመጥበት። እሁድ ዘመድ ሁሉ አማቴ ቤት ነው። እሱም ይየው።

እሁድ፣ ግንቦት 9፤ ከሰዓት
ተቃጠልኩ። የመኪናውን በር ከፍቼ መቀመጫውን አሳየሁ። ጋሼ ደምሴ በአንድ እጁ ጎተተው። አንድ ስንዝር ተንሸራቶ መጣ። «እሙዬ፣ ዙፋኑ ንግሥቲቱን ጥሎ ሊሄድ ነው እኮ!» ግቢው ሳቀ። ባሌም።
የመኪናው ወንበር ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልተነሳም፤ እንዳይቆሽሽ ብለን። የሕፃኑንም ከነላስቲኩ አሰርኩት። ላስቲክ በላስቲክ ላይ። ጠዋት እሷን አስቀምጬ እስከ ቄራ ነድቻለሁ። እሱ ልክ ነበር። ከሁሉ የማልምረው ይሄን ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 10
መቀስ። ላስቲኩን ሁሉ ቀደድኩ። መመሪያው ሥዕል አለው። ቀበቶውን በቦታው አሳለፍኩ፣ ወንበሩን በጉልበቴ ተጭኜ ሳብኩ። ነቀነቅኩት። ንቅንቅ የለም። ወፍራም ሹራቧን አውልቄ አሰርኳት፤ ማሰሪያው ትከሻዋ ላይ ጥብቅ ነው፤ በጣት አይቆነጠጥም። ባሌ ለላስቲኩ አኮረፈ። ያኩርፍ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15
ነገ የእነ ባሌ እህት ልጅ ሠርግ ነው። የጋሼ ደምሴ መኪና ጋራዥ ገብቷል። ደወለ። ያንን ነገር አንሽው፣ ልጅቷን እኔ አቅፋታለሁ አለ። «ችግር የለም ጋሼ፣ ብቻ ይምጡ» አልኩ።
ወስኛለሁ። የምነዳው እኔ ነኝ። ፊት አማቴ ይቀመጣሉ፤ እናቱ እያሉ አፍ የለውም። እሱ ከኋላ፣ ከሶሊያና ጎን፣ ጉልበቱን አጥፎ። በተተኮሰ ሱፉ ላይ ቀበቶ ያስራል። ካላሰረ ሞተር አላስነሳም። ሙሽራዋ ትጠብቅ።